የወደቀን ሰው ቀና አታድርጉት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ?

ስለ መጪው የጥምቀት በዓል ዝግጅት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ እንግዳ ማረፊያ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ጸጥታ አስከባሪዎች፣ ስለ ጽዳት ተጽፏል፤ ሁሉም ሊጻፍ የሚገባው ነው። አንድ ነገር ግን አጣሁበት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል አንድ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ቢወድቅ፣ ወይም ውሃ ውስጥ በጭንቅላቱ ዘልሎ አንገቱን ቢጎዳ፣ አምቡላንስ እስኪደርስ ባሉት ደቂቃዎች አጠገቡ የቆመው ሰው ምን ያድርግ? ምንስ አያድርግ? ደብዳቤውን የምጽፈው ለዚህ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሳይሆን አሁን፣ ታኅሣሥ ሳይጋመስ እንድታወጡልኝ እለምናችኋለሁ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። የተማርኩትም የምሠራውም እዚሁ ጎንደር ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡት ሰዎች አደጋው ካለፈ፣ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ፣ ዘመድ ጠያቂው ከቀነሰ በኋላ ነው። የእኔ ድርሻ በተረፈው ጡንቻና በተረፈው ነርቭ ሰውየው ኑሮውን እንዲኖር ማገዝ ነው። ታሪካቸውን ስመዘግብ ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «ስትወድቅ ማን አነሳህ? እንዴት አድርጎ?» እላለሁ። መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «ሰው ተሰበሰበ፤ ብብቴን ይዘው ቀና አደረጉኝ፤ ውሃ አጠጡኝ፤ ከዚያ ባጃጅ ውስጥ አስገቡኝ።»

ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ጎንደር ውስጥ ሰው ወድቆ አይቶ የሚያልፍ የለም። ነጠላዋን አውልቃ የምታነጥፍ፣ ሱቁን ክፍት ትቶ የሚሮጥ፣ ሒሳብ ሳይጠይቅ ባጃጁን የሚያቀርብ ሞልቷል። የሚያስፈራኝ ይኸው ርኅራኄ ሲቸኩል ነው።

ከታካሚዎቼ ስለ አንዱ ልንገራችሁ። ፎቅ ሲሠራ ከባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ የወደቀ ወጣት ነው። የተጎዳው አንገቱ ላይ ነው። ዛሬ ሻይ የሚጠጣው እንዲህ ነው። ጣቶቹን በፈቃዱ ማጠፍ አይችልም፤ የእጁን አንጓ ግን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ይችላል። አንጓው ቀና ሲል የጣቶቹ ጅማቶች ይወጠሩና ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ፤ አውራ ጣቱም ወደ ጠቋሚው ይጠጋል። በዚያች ትንሽ መታጠፍ ብርጭቆውን ይይዛል። አንጓውን ዝቅ ሲያደርግ ጣቶቹ ይከፈታሉ፣ ብርጭቆውም ይለቀቃል። እናንተም ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋችሁ፣ ጣቶቻችሁን አላልታችሁ አንጓችሁን ወደ ኋላ ብታጥፉ ይህንኑ ታዩታላችሁ፤ በሁላችንም እጅ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ይህን ለመልመድ ብዙ ወራት ፈጅቶበታል። የትንሽ ጣቱ ቆዳ ትኩስና ቀዝቃዛ ስለማይለይ እናቱ ብርጭቆውን ከመስጠቷ በፊት በራሷ ጉንጭ ትለካዋለች።

ልጁ ይህችን የአንጓ እንቅስቃሴ ያገኘው ከላይ ወደ ታች ሲቆጠር ስድስተኛው የአንገት ነርቭ ስለተረፈለት ነው። ሰባተኛው ቢተርፍለት ክንዱን መዘርጋት ይችል ነበር፤ ያኔ እጁን ተደግፎ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ራሱ ይሻገራል። ስድስተኛው ባይተርፍ ኖሮ ክርኑን ከማጠፍ በቀር እጁ የሚሠራለት ነገር አይኖርም ነበር። ከዚያም ከፍ ብሎ ጉዳቱ ከሦስተኛው በላይ ቢሆን ያለ ማሽን መተንፈስ አይቻልም፤ ዋናውን የትንፋሽ ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ የሚያዙት ነርቮች ከሦስተኛው፣ ከአራተኛውና ከአምስተኛው የአንገት ክፍል ነው የሚወጡት። ሆድና ደረት መካከል ያለ ጡንቻ ትእዛዙን ከአንገት መቀበሉ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ነው። በአንገት ላይ የአንዲት አጥንት ከፍታ ልዩነት ራስን ችሎ በመኖርና በሰው እጅ በመኖር መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ያነሱት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ሁለቱ ብብቱን፣ አንዱ እግሩን ይዞ። ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ተንጠልጥሎ ነበር አሉኝ። ጉዳቱ ሲወድቅ ያለቀ ይሁን ወይም ሲነሳ የተጨመረ ነገር ይኑር ዛሬ ማንም ሊለየው አይችልም፤ ጓደኞቹም በዚህ ሐሳብ እንቅልፍ እንዲያጡ አልፈልግም። እናቱ ግን አንድ ቀን «ሲስተር፣ እኔም ብኖር እንዲያው ነበር የማነሳው» አለችኝ። ልጇን ከእሷ በላይ የሚወድ የለም፤ ያን ቀን ግን ፍቅሯ እጇን የሚመራበት እውቀት አልነበራትም። ያን እውቀት ለሕዝብ ማድረስ ደግሞ የእኛ የጤና ባለሙያዎች ሥራ ነው።

አንገት ሰባት አጥንቶች አሉት። የቀጭኔም ሰባት ነው፤ የእሷ እያንዳንዱ አጥንት ረጅም መሆኑ ነው ልዩነቱ። የመጀመሪያው ክብ ቀለበት ሲሆን የራስ ቅልን ይሸከማል፤ ጭንቅላታችንን ነቅነቅ አድርገን «እሺ» ስንል በዋናነት የሚሠራው የራስ ቅልና ይህ ቀለበት የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። ሁለተኛው አጥንት ወደ ላይ የቆመ ጉጥ አለው፤ ቀለበቱ በዚያ ጉጥ ዙሪያ ይዞራል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስንዞር ግማሽ ያህሉ መዞር የሚመጣው ከዚህች አንዲት መገጣጠሚያ ነው። ከዚያ በታች ያሉት እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ይጨምራሉ። የእኛ አገር ሰው እስክስታ ሲመታ፣ አንገቱን ሲሰብቅ፣ ትከሻውና ደረቱ በየራሳቸው ሲንቀጠቀጡ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ይህ የአካል ክፍል ምን ያህል እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ እንደተሠራ ከዚያ የበለጠ ማሳያ የለኝም። ብዙ የሚንቀሳቀስ ነገር ግን ለጉዳትም የተጋለጠ ነው። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ያን የሚሸከሙት እነዚህ ትንንሽ አጥንቶች፣ የሚይዟቸው ጅማቶችና የማጅራት ጡንቻዎች ናቸው። ሰው ራሱን ሲስት ጡንቻዎቹ ይዝላሉ። ያኔ ጭንቅላቱን የሚይዝለት ሌላ ሰው ካልኖረ ክብደቱ በሙሉ በተሰበረው አጥንት ላይ ያርፋል።

ሕብለ ሰረሰር፣ ከአንጎል ወደ አካል ትእዛዝ የሚያደርሰው የነርቭ ገመድ፣ በእነዚህ አጥንቶች ቦይ ውስጥ ይወርዳል። ውፍረቱ ትንሽ ጣታችንን ቢያክል ነው። እንደ መቁጠሪያ ክር አስቡት፤ ፍሬዎቹ መሥመራቸውን ይዘው እስካሉ ክሩ ደህና ነው፣ አንዷ ፍሬ ከመሥመር ስትወጣ ክሩ ይቆነጠጣል። አጥንት ይጠግናል፣ ቆዳ ይሽራል፤ ሕብለ ሰረሰር ግን አንዴ ከተበጠሰ ተመልሶ አይቀጠልም። አጥንቱ ተሰብሮ ሕብለ ሰረሰሩ ግን ገና ያልተነካበት ሰው አለ። እግሩን ያንቀሳቅሳል፣ ጣቱን ያጥፋል፣ «ደህና ነኝ፣ አንገቴን ብቻ ነው ያመመኝ» ይላል። ከማንም በላይ የምፈራለት ይህን ሰው ነው። ቀና ስናደርገው የምናጠፋው ገና ያልጠፋ ነገር ነውና።

አሁን ስለ ባጃጁ። ባጃጅ ውስጥ ሰው መተኛት አይችልም። ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ወገቡ ይጎብጣል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፤ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ አቅፎ ይይዘዋል። ከዚያ የጎንደር ዳገትና ቁልቁለት፣ ከዚያ ኮብልስቶኑ። በየመዞሪያው ጭንቅላቱ አንድ ጊዜ ወደዚህ አንድ ጊዜ ወደዚያ ይላል። የተሰበረ አንገት ላለው ሰው ከዚህ የከፋ አጓጓዝ አላውቅም።

እኔ የተወለድኩት ደምቢያ ነው። በገጠራችን ሰው ሲታመም የሚወጣው ቃሬዛ ነው። የአካባቢው ወንዶች ይጠራራሉ፣ ቃሬዛውን ከተቀመጠበት ያወርዳሉ፣ ተራ እየተቀባበሉ መኪና እስኪገኝበት መንገድ ድረስ በትከሻቸው ይወስዱታል። ታማሚው በጀርባው ተዘርግቶ፣ ጋቢ ለብሶ ነው የሚሄደው። ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ የወደቀ አንድ አባት በቃሬዛ እንደተኛ መጥቶ አይቻለሁ። ጠፍሩ መሐል ላይ እንዳይሰምጥ የቤት በር ነቅለው ከሥሩ አንጥፈውበት ነበር፤ ግራና ቀኝ ጭንቅላቱን በተጠቀለለ ኩታ ደግፈውታል። ይህን ማን አስተማራችሁ ብዬ ስጠይቅ አንድ ሽማግሌ «ምን ትምርት ያሻዋል፣ አንች? የወደቀ ሰው እንደ ተኛ ነው የሚነሣ» አሉኝ። እኚያ ሰው በአንዲት ዓረፍተ ነገር የተናገሩትን እኛ በስንት ሰዓት ትምህርት ነው የምናስተምረው። የአባትየው ስብራት ከመጨረሻዋ የጎድን አጥንት ግርጌ ነበር፤ ዛሬ በዘንግ ይራመዳሉ።

ከዛፍ ወይም ከፎቅ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ቦታ ላይ ነው፤ ምክንያትም አለው። የደረት አከርካሪ አሥራ ሁለት አጥንቶች አሉት፤ አሥራ ሁለቱ ጥንድ ጎድኖች በግራና ቀኝ ይዘው ያጸኑታል። ከዚያ በታች ያሉት አምስቱ የወገብ አጥንቶች ጎድን የላቸውም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በደንብ ይታጠፋሉ፣ መዞር ግን ብዙም አይሆንላቸውም። ወገባችንን አዞርን ስንል አብዛኛውን የሚዞረው ደረታችንና ዳሌያችን ነው። ጽኑው ክፍል አብቅቶ ልሙ በሚጀምርባት ቦታ ላይ የመውደቁ ኃይል ይጠራቀማል። እንዲህ የተጎዳን ሰው አንዱ ትከሻውን፣ ሌላው እግሩን ይዞ ቢያነሳው የሰውነቱ ግንድ መሐል ላይ ይታጠፋል ወይም ይጠመዘዛል፤ የሚታጠፍበትም ቦታ ያው የተሰበረው ነው።

ስለ መንጋጋም ማንሳት አለብኝ፤ ሰው በእጃችን ላይ የሚያልፍበት አንዱ ምክንያት እዚህ ነውና። ጣታችሁን ከጆሯችሁ ቀዳዳ ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። መጀመሪያ አጥንቱ በቦታው ሲሽከረከር፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ሲንሸራተት ይሰማችኋል። ከፊት አጥንቶች ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ይህ የታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው። ምላስ ከሥሩ ከዚህ አጥንት፣ ከአገጫችን የውስጥ በኩል ጋር ተያይዟል። ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ሲተኛ መንጋጋው ላልቶ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ምላሱም አብሮ ሄዶ ጉሮሮውን ይዘጋል። ያኔ የማንኮራፋት ድምፅ ይሰማል። «እያንኮራፋ ነው፣ እንቅልፍ ወስዶታል፣ ተዉት ይረፍ» ሲባል ስሰማ ልቤ ይቆማል። ያ እንቅልፍ አይደለም፤ አየር በግማሽ በተዘጋ መንገድ ሲታገል የሚሰማ ድምፅ ነው።

የሰለጠነ ሰው እዚያ ላይ አንገት ሳያንቀሳቅስ መንጋጋውን ብቻ ወደ ፊት ያመጣል። በታማሚው ጭንቅላት በኩል ይንበረከካል፤ ክርኖቹን መሬት ያስደግፋል፤ ከጆሮ ጫፍ በታች፣ መንጋጋው ከሚታጠፍበት ማዕዘን ጀርባ ጣቶቹን በሁለቱም በኩል ያስገባና ወደ ላይ ይገፋል፤ የታችኛው ጥርስ ከላይኛው ፊት እስኪወጣ። መንጋጋው ወደ ፊት ሲመጣ ምላሱን ይዞት ይመጣል፣ ጉሮሮው ይከፈታል፣ ማንኮራፋቱ ያቆማል። ያልተለማመደ ሰው ይህን ማድረግ ካልቻለና የወደቀው ሰው ካልተነፈሰ ግን ግንባሩን ይዞ አገጩን ቀና በማድረግ አየሩን ይክፈትለት። ትንፋሽ ከሌለ አንገትን ማዳን ትርጉም የለውም፤ ትንፋሽ ይቀድማል።

ውሃ አታጠጡት። ይህን በትልቁ ብታትሙልኝ ደስ ይለኛል። ውሃ ስንውጥ የትንፋሽ ቧንቧችን ለአፍታ ይዘጋል፤ ራሱን በሳተ ሰው ላይ ይህ መዘጋት አይታመንም። አፉ ላይ ያንቆረቆርነው ውሃ በቀጥታ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል። ነቅቶ «ጠማኝ» ቢልም ከንፈሩን ማርጠብ ይበቃል፤ ሐኪም እስኪያየው ሆዱ ባዶ ቢሆን ይሻላል። ቢያስመልሰው ወደ ጎኑ መዞር አለበት፤ የሚዞረው ግን ጭንቅላቱ ብቻ ሳይሆን መላ አካሉ ነው።

አዟዟሩም እንዲህ ነው። አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢመጣ አይለቅም። የሚያዘውም እሱ ብቻ ነው። ሌሎች ሦስት ሰዎች በአንድ ጎን ይንበረከካሉ፤ አንዱ ትከሻና ደረት፣ አንዱ ዳሌ፣ አንዱ ጉልበትና እግር ይይዛል። ጭንቅላቱን የያዘው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል አራቱም በአንድ ጊዜ ያዞሩታል። አፍንጫ፣ እምብርትና የሁለቱ እግሮች መሐል ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ መሥመር ላይ መቆየት አለባቸው። ሌላ ሰው ከጀርባው የሚተኛበትን ጣውላ፣ ሳንቃውን፣ ያስገባል፤ በዚያው ትእዛዝ ይመልሱታል። ጉልበት አይፈልግም፤ የሚፈልገው አለመቸኮልና አንድ ሰው ብቻ ማዘዙ ነው። አራት ሰው ካልተገኘና ቦታው እሳት ወይም ናዳ ወይም መኪና የሚያሰጋው ካልሆነ፣ ከሁሉ የሚሻለው ሳያንቀሳቅሱ ጭንቅላቱን ባለበት ይዞ 907 ደውሎ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ መጠበቅ ነው። ጭንቅላቱን የያዘው ሰው ያናግረው፤ «አትነሣ ወንድሜ፣ አለሁ፣ ጭንቅላትህን አታዙር» ይበለው። ሰው ሲጠሩት ዞር ማለት ልማዱ ስለሆነ ከጎን ሆነው አይጥሩት፤ ፊት ለፊት ይታዩት።

ወደ ፋሲል መዋኛ ልምጣ። ከተራ ዕለት ታቦታቱ ወርደው ያድራሉ፤ በማግስቱ ጥር 11 ከቀሃ ወንዝ የመጣው ውሃ ይባረካል፤ ከዚያ ወጣቶቹ ይዘላሉ። ይህን ደስታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንዲቀርም አልመኝም። ከግንቡ ላይ፣ ከዛፎቹ ቅርንጫፍ ላይ፣ በጭንቅላት የሚዘልን ልጅ ሳይ ግን ዓይኔን እጨፍናለሁ። ውሃው ታቹን አያሳይም። ከሥሩ ሌላ ዋናተኛ ሊኖር ይችላል። ጭንቅላት መሬት ወይም ሰው ሲመታ ይቆማል፤ የቀረው የሰውነት ክብደት ግን ከኋላ መግፋቱን ይቀጥላል፤ በመሐል የሚደቀው አንገት ነው። በእንዲህ ያለ ዝላይ ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት አምስተኛውና ስድስተኛው የአንገት አጥንቶች ናቸው፤ አንጓውን ቀና እያደረገ ሻዩን የሚጠጣው ልጅ የተጎዳባት ቦታ ማለት ነው። በእግር የዘለለ ቢጎዳ አንገቱ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ በእግር ዝለሉ፤ ውሃው ውስጥ ባለ ሰው ላይ አትዝለሉ። ዘልሎ በፊቱ ተደፍቶ የተንሳፈፈ ሰው ካያችሁ ጭንቅላቱንና ግንዱን አንድ ላይ ይዛችሁ በቀስታ ወደ ጀርባው አዙሩት፤ ፊቱ ከውሃ ይውጣ። ከተነፈሰ ሳንቃ እስኪመጣ እዚያው አንሳፍፋችሁ ያዙት፤ ውሃው ራሱ ይሸከመዋል። እጁን ይዞ ወደ ደረጃው መጎተት ነው የሚያጠፋው።

2012 ዓ.ም. ለእኛ ሁለት መልክ ነበረው። ታኅሣሥ ላይ ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ በወሩ በዚያው በፋሲል መዋኛ የተመልካች የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎችም ተጎዱ። በዓሉ የዓለም ሆኗል፤ የሚመጣው ሕዝብም ብዙ ነው። ለዚያ ሕዝብ ከግንቡ አጠገብ የሚቀመጥ ሳንቃ መጠየቅ የበዛ አይመስለኝም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ላዩ የተላገ፣ በጎንና ጎኑ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው፣ ሦስት ማሰሪያ የተበጀለት ጣውላ ነው። ማንኛውም የጎንደር አናጢ ይሠራዋል። ሆስፒታል ሲደርስ ታማሚው ቶሎ ከሳንቃው መውረድ አለበት፤ ጠንካራ ጣውላ ላይ ብዙ ሰዓት የቆየ ሰው፣ በተለይ አካሉ የማይሰማው፣ መቀመጫውና ተረከዙ ላይ ቁስል ያበጃል፤ ያ ቁስል ደግሞ ወራት የሚያስተኛ ነው።

ስለ ወጌሾቻችን አንድ ነገር ብቻ። ወጌሻን አከብራለሁ፤ የወለቀ ጣት በአንድ እጅ መልሰው ሲያስገቡ አይቻለሁ። ከመውደቅ በኋላ ያመመ አንገት ግን አይታሽም፣ አይጎተትም፣ አይጠመዘዝም። መጀመሪያ ራጅ ይነሣ። እነርሱ ራሳቸው «ይህስ የሐኪም ነው» ብለው ቢመልሱ ሰው ይበልጥ ያምናቸዋል።

ማን ይሠልጥን ለሚለው የራሴ ሐሳብ አለኝ። አንደኛ ባጃጅ ነጂዎች፤ አደጋ ሲደርስ ቀድመው የሚደርሱት እነርሱ ናቸውና «ይህን ሰው አልጭንም፣ አምቡላንስ እጠራለሁ» ማለት ነውር ሳይሆን ሙያ መሆኑን ማወቅ አለባቸው። ከእነርሱ ይልቅ ተስፋ የጣልኩባቸው ግን በታቦቱ ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች ናቸው። ከኋላ ጠቅልለው ወደ ፊት ሲሮጡ፣ በአንድ ሰው ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲያነሱና ሲዘረጉ አይታችኋል። አብሮ ማንሳትን፣ አንድ ሰው ብቻ ማዘዙን ለምደውታል። ለእነርሱ ማስተማር የሚቀረኝ ጭንቅላት አያያዝና መንጋጋ አነሳስ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን አሠልጥኖ ወደ ሕዝቡ እንዲወጡ ነበር። ዛሬም በዚህ ከተማ ውስጥ ይህን ማስተማር የሚችል ሰው ሞልቷል፤ ጠሪ ነው ያጣነው።

ስለዚህ እኔና ጥቂት የሙያ ጓደኞቼ እስከ ከተራ ድረስ ባሉት ሰንበቶች፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለሚጠሩን ማኅበራት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ለባጃጅ ነጂዎች ያለ ክፍያ ልናሠለጥን ዝግጁ ነን። የሚያስፈልገን ሰፋ ያለ ግቢ፣ አንድ ሳንቃና መሬት ላይ ለመተኛት ፈቃደኛ የሆነ አንድ ሰው ነው። አራት አራት እየሆናችሁ ኑ። ስልክ ቁጥሬን ለዝግጅት ክፍላችሁ ትቻለሁ፤ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ ስጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
ጎንደር